ሳይለካ አይቀየር
ስለ አንዲት ቮልስ ከመካኒኳ ጋር የተደረገ ምልልስ

አባቴ ቮልሷን የገዛት በ1972 ዓ.ም. ነው። ሁለተኛ እጅ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1968 የተሠራች፣ ባለ 1300 ሞተር። በእሱ ዕድሜ ያሉ ሰዎች ቮልስ ሲባል መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ይዛ የወጣችውን ያነሳሉ። እኔ የማስታውሰው እሑድ ጠዋት ከመኪናዋ ሥር ወጥቶ የሚታየውን የአባቴን እግር ነው። እሱ ሲያርፍ መኪናዋንና አንድ ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተር ተረከብኩ። መኪናዋን ነዳኋት፤ ደብተሩን መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት።

ዘንድሮ ክረምት ሲገባ ሞተሩ ይቆርጥ ጀመር። ሁለት ጋራዥ ዞርኩ፤ ሁለቱም ዕቃ ቀየሩ፤ ገንዘቤ አለቀ፤ ሞተሩ መቁረጡን አልተወም። በመጨረሻ ዕድሜያቸውን በቮልስ ሞተር ላይ ያሳለፉ አንድ አዛውንት መካኒክ ዘንድ ሄድኩ። በሁለት ቀን ውስጥ የተነጋገርነውን በፈቃዳቸው ቀድቼዋለሁ። እነሆ።

የመጀመሪያው ቀን

እኔ፦ ጋሼ፣ ይቺ ናት። ቆማ ስትሠራ ሰውነቷ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ቤንዚን ስሰጣት ትሻላለች፤ ሜዳ ላይ ፍጥነት ስትይዝማ ደኅና ትመስላለች። ዳገት ላይ ግን አቅም የላትም። ምን እንቀይርላት?

መካኒኩ፦ መቀየሩ ይደርሳል። እስካሁን ምን ምን ተቀየረላት?

እኔ፦ መጀመሪያ አራቱም ካንዴላ። ቀጥሎ ቦቢና፣ ፑንቲናና ኮንደንሰር። ሁለተኛው ጋራዥ ደግሞ “ካርቡራቶሩ ነው” ብሎ ሌላ ገጠመልኝ።

መካኒኩ፦ አንዱ ዕቃ ሲቀየር ድምፁ ተለወጠ?

እኔ፦ ምንም።

መካኒኩ፦ ከመቀየራቸው በፊት የለኩት ነገር ነበር?

እኔ፦ ሲለኩ አላየሁም።

መካኒኩ፦ እንግዲያው ገምተውልሻል እንጂ አልመረመሩልሽም። ግምት ሲስት የሚከፍለው ባለመኪናው ነው። የወጡትን ዕቃዎች ተቀብለሻል?

እኔ፦ አዎ፣ ፊት ለፊት ኮፈኑ ውስጥ በካርቶን አሉ።

መካኒኩ፦ ጎበዝ። አንዱም እንዳይጣል፤ ጤነኞች ሳይሆኑ አይቀሩም። አሁን አስነሺያትና ከኋላ መጥተሽ ቁሚ። እጅሽን ከማርሚታው አፍ ትንሽ ራቅ አድርገሽ ያዢ። ምን ይሰማሻል?

እኔ፦ ትንፋሹ ይመታል… ይመታል… ከዚያ ይዘላል።

መካኒኩ፦ በዘፈቀደ ነው የሚዘለው ወይስ ቆጥሮ?

እኔ፦ ቆጥሮ ነው። ሦስቴ ይመታና አራተኛው ይጠፋል።

መካኒኩ፦ ይህቺን ያዢልኝ፤ ከሁሉ በፊት የምትመጣው ምስክር እሷ ናት። ሞተርሽ አራት ሲሊንደር አለው። ሁሉም የሚጋሩት ነገር ቢታመም፣ ማለትም ቦቢናው፣ ፑንቲናው፣ የቤንዚን ፓምፑ፣ ካርቡራቶሩ፣ ሕመሙ በአራቱም ላይ ይዞር ነበር፤ አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ። ቆጥሮ የሚቆርጥ ሞተር ግን “አንደኛው ወንድሜ አልሠራም” ነው የሚልሽ። የጋራ የሆነውን ዕቃ ሁሉ ቀይረውልሻል፤ የታመመው ግን አንዱ ብቻ ነው።

እኔ፦ እጅን ማርሚታ ላይ በመያዝ ብቻ ይህ ይታወቃል?

መካኒኩ፦ የሚታወቀው በየት በኩል መፈለግ እንዳለብን ነው። ከዚያ ጋዜጣ ላይ ቁራጭ ቅደጂና ስጪኝ። ይኸው ከማርሚታው አፍ አስጠጋሁት። ሞተሩ ጭስ ወደ ውጭ ስለሚገፋ ወረቀቱ ወደ ውጭ ብቻ መርገብገብ ነበረበት። አየሽ? በየመሀሉ ወደ ውስጥ ይሳባል።

እኔ፦ አዎ! ሊውጠው ነው እኮ። ምን ማለት ነው?

መካኒኩ፦ አንድ ሲሊንደር አየሩን ከካርቡራቶሩ በኩል መሳብ ሲገባው በጭስ መውጫው በኩልም ይስባል ማለት ሊሆን ይችላል። የጭስ ማውጫ ቫልቮላው በደንብ አልዘጋም ይሆናል። ይህ ግን ጥርጣሬ ነው። ጥርጣሬ ፍርድ አይደለም። አሁን ምስክሮቹን አንድ በአንድ እንጠይቅ።

እኔ፦ ምስክሮቹ እነማን ናቸው?

መካኒኩ፦ አንድ ሲሊንደር እንዲሠራ ሦስት ነገር ይፈልጋል። በሰዓቱ የሚመጣ ብልጭታ፣ በልኩ የተደባለቀ ቤንዚንና አየር፣ የታመቀውን የማያፈስ ቤት። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ይቆርጣል፤ አራተኛ ምክንያት የለም። የሚቆርጥበት ሰዓት ደግሞ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ይጠቁምሻል። ቆሞ ደኅና ሆኖ ዳገት ላይ ሲጫን የሚቆርጥ ከሆነ ብልጭታውን ቀድሜ እጠረጥራለሁ፤ ምክንያቱም ቤንዚን ሲበዛና ሲሊንደሩ በደንብ ሲሞላ ብልጭታው ለመዝለል ይከብደዋል። ቀዝቃዛ ሳለ ደኅና ሆኖ ሲሞቅ የሚጠፋ ከሆነ ቦቢናና ኮንደንሰርን አያለሁ፤ ውስጣቸው የላላ ነገር በሙቀት ይከፈታል። ያንቺ ግን ሚኒሞ ላይ ይብሳል፣ ሲፈጥን ይደበቃል።

እኔ፦ ሲፈጥን ለምን ይደበቃል?

መካኒኩ፦ የሚያፈስ ቤት ለማፍሰስ ጊዜ ይፈልጋል። ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር የታመቀው አየር ሾልኮ ለመውጣት ጊዜ ያገኛል፤ ሲፈጥን ሳያመልጥ ይቃጠላል። የተቀደደ ስልቻ ቀስ ብለሽ ከነፋሽው እሳቱ አይነድም፤ ቶሎ ቶሎ ካልሽው ግን ትንሽም ቢሆን ያነዳል። በካርቡራቶሩና በቴስታታው መካከል ባለው ቱቦ ትርፍ አየር የሚገባ ከሆነም እንዲሁ ሚኒሞ ላይ ይብሳል። ስለዚህ ሁለት ተጠርጣሪ አለን፤ ነጻ የምናወጣቸው ግን በመለካት ነው።

እኔ፦ የቱ ሲሊንደር እንደሆነስ?

መካኒኩ፦ ሞተሩ ይሥራ። የካንዴላውን ሽቦ በጎማ ጓንት አንድ በአንድ እነቅላለሁ። የነቀልኩትን ትርፍ ካንዴላ ላይ ሰክቼ ብረት አስነካዋለሁ፤ ሽቦውን አየር ላይ ከተውሽው እሳቱ መውጫ ሲያጣ የቦቢናውን ውስጥ ይጎዳል። ስሚ፤ አንደኛውን ነቀልኩ።

እኔ፦ ሊጠፋ ደረሰ!

መካኒኩ፦ ሲሠራ ስለነበር ነው ሲነቀል የታወቀው። ሁለተኛው… እሱም ይሠራል። አራተኛው… ይሠራል። አሁን ሦስተኛው።

እኔ፦ ምንም አልተለወጠም።

መካኒኩ፦ ሦስተኛው ነው የሞተው። ከመኪናው ጀርባ ቆመሽ ወደ ፊት ስታዪ በግራ በኩል፣ ወደ ፊት የሚጠጋው። በቀኝ አንደኛና ሁለተኛ፣ በግራ ሦስተኛና አራተኛ ናቸው። ለብዙ ዓመት ይህን የቮልስ ቁጥር የማያውቅ ሰው ሽቦ ሲያሳስት አይቻለሁ። የቮልስ አቀጣጠል 1፣ 4፣ 3፣ 2 ነው። ፔጆ 404 እና ፊያት 124 ግን 1፣ 3፣ 4፣ 2 ናቸው። በእነሱ የለመደ እጅ ቮልስ ላይ ሽቦ ሲሰካ ሁለት ሲሊንደር ያጠፋል፤ ከዚያ ባለመኪናው ሞተር ሊያስወርድ ይመጣል። የቸገረው የሁለት ሽቦ ቦታ መለዋወጥ ነበር።

እኔ፦ የእኔስ ሽቦ ትክክል ነው?

መካኒኩ፦ ትክክል ነው። ሦስተኛው ብልጭታ ያገኛል ወይ የሚለውን እንይ። ካንዴላውን አወጣሁት። እዪ፣ የሌሎቹ ጫፍ ቡናማ ነው፤ ይህ ጥቁርና እርጥብ ነው። ቤንዚን ደርሶታል፣ አልተቃጠለም። አሁን የሦስተኛውን ካንዴላ አንደኛ ላይ፣ የአንደኛውን ሦስተኛ ላይ አደርጋለሁ። ካንዴላው ጥፋተኛ ከሆነ ሕመሙ አብሮት ወደ አንደኛው ይሄዳል።

እኔ፦ … አሁንም ሦስተኛው ነው።

መካኒኩ፦ ካንዴላው ነጻ ወጣ፤ አንድ ሳንቲም አላወጣንም። ሽቦውንም እንዲሁ አለዋውጠዋለሁ… እሱም ነጻ ነው። ክዳኑን ከፍቼ ውስጡን አየሁ፤ ስንጥቅም የከሰል መስመርም የለውም። ብልጭታውም ሰማያዊና ጠንካራ ነው።

እኔ፦ ፑንቲናውን አዲስ ነው ብለውኝ ነበር።

መካኒኩ፦ አዲስ ነው፤ ክፍተቱንም ለካሁት፣ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ ልክ ነው። ፑንቲና አዲስ መሆኑ ሳይሆን ክፍተቱ ነው የሚጠየቀው። ስለዚህች ዕቃ ትንሽ ልንገርሽ፤ ሰው ይንቃታል። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ሲዞር ፑንቲናዋ በሰከንድ መቶ ጊዜ ትከፈታለች፤ በከፈተች ቁጥር ቦቢናው የባትሪውን 12 ቮልት ወደ ሃያ ሺህ ቮልት ገደማ ያነሳዋል። መቶ ጊዜ፣ በአንድ ሰከንድ! ኮንደንሰሩ ባይኖር በእያንዳንዱ መከፈት ፑንቲናዋ ላይ እሳት ይዘል ነበር፤ በአጭር ጊዜ ትቃጠላለች። ስለዚህ ፑንቲና ጠቁሮ ካየሽ ፑንቲናውን ብቻ ቀይረሽ አትሂጂ፤ ኮንደንሰሩን ጠይቂ። የዲስትሪቢውተሩ ዘንግ ከላላ ደግሞ ክፍተቱ በየዙሩ ይለዋወጣል። ያንቺን በእጄ ገፋሁት፣ አልላላም። የብልጭታው ነገር እዚህ ላይ አበቃ።

እኔ፦ ካርቡራቶሩስ?

መካኒኩ፦ አእምሮሽን ተጠቀሚ እስቲ። ካርቡራቶሩ ለስንት ሲሊንደር ነው?

እኔ፦ አንድ ነው፤ ለአራቱም።

መካኒኩ፦ እሱ ቢታመም አንዱን ብቻ መርጦ ይመታል?

እኔ፦ አይመታም።

መካኒኩ፦ ከካርቡራቶሩ ወደ ግራ የሚሄደው ቱቦስ? ባንቺ ሞተር ላይ በእያንዳንዱ ቴስታታ አንድ መግቢያ ብቻ ነው ያለው፤ ሁለቱ ሲሊንደሮች ይጋሩታል። በዚያ ጓርኒሲዮን በኩል ትርፍ አየር ቢገባ ማን ይታመም ነበር?

እኔ፦ ሦስተኛውና አራተኛው፣ ሁለቱም።

መካኒኩ፦ አራተኛው ግን ጤነኛ ነው። ይኸው ብሎን ሳንፈታ ካርቡራቶሩንና ቱቦውን ነጻ አወጣን። ሁለተኛው ጋራዥ ይህን ጥያቄ ለራሱ ቢጠይቅ ኖሮ ያን ሁሉ ገንዘብ አታወጪም ነበር። የቀድሞውን ካርቡራቶር አጥቤ እመልስልሻለሁ። የቤንዚን ቱቦዎቹን ግን ዛሬውኑ ቀይሪ።

እኔ፦ አሁን አትቀይሪ አላሉኝም?

መካኒኩ፦ ይህን አይቼ ነው። ጠምዘዝ ሳደርገው ተሰነጠቀ፤ ተመልከች። አዲስ አበባ ውስጥ ቤንዚን ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ከሚመጣ ኢታኖል ጋር ተደባልቆ የተሸጠባቸው ዓመታት ነበሩ። የድሮ ጎማ ኢታኖል አይወድም፤ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። የቮልስ የቤንዚን ቱቦ ደግሞ የሚያልፈው ከሚሞቅ ሞተር በላይ፣ ብልጭታ ባለበት ቦታ ነው። ስንት ቮልስ በአንዲት የቱቦ ቁራጭ ተቃጥሏል። በየዓመቱ ቀይሪው፤ እሳት ማጥፊያም መኪናዋ ውስጥ ይኑር።

እኔ፦ እሺ ጋሼ። አሁን የቀረው ሦስተኛው ነው፤ ያ የሚያፈስ ቤት ያሉት።

መካኒኩ፦ እሱ ነው። ሞተሩ ሞቋል፤ ኮምፕሬሽን እንለካ። አራቱንም ካንዴላ አወጣሁ። የቦቢናውን ሽቦ ነቀልኩ። አንቺ ገብተሽ ቤንዚን መስጫውን እስከ መጨረሻው ርገጪ፤ ካልረገጥሽው አየር አይገባም፣ መለኪያው በሐሰት ዝቅ ይላል። ሞቶሪኖውን አዙሪ… ይበቃል። አንደኛው 6 ባር።

እኔ፦ የመኪናው መጽሐፍ ላይ ከዚህ ይበልጣል። ሁሉም አርጅቷል ማለት ነው?

መካኒኩ፦ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ጤነኛ ሞተር የሚያስወርደው። መጽሐፉ የተጻፈው ለባሕር ጠረፍ አየር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ የባሕር ጠረፉን ሦስት አራተኛ ያህል ነው የሚመዝነው። ጠረፍ ላይ 8 ባር የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር እዚህ 6 ገደማ ያሳያል። ከመጽሐፉ ቁጥር ይልቅ አራቱን እርስ በርስ አስተያያቸው። ሁለተኛው 5.9። አራተኛው 5.8። ሦስተኛው…

እኔ፦ ስንት?

መካኒኩ፦ 2.5። ነይ፣ ራስሽ እዪው፤ ቁጥሩንም ጻፊ። በሌላ ሞተር ቢሆን አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምሬ ድጋሚ እለካ ነበር፤ ቁጥሩ ከፍ ካለ የሚያፈሰው በፋሻው በኩል ነው፣ ካላለ በቫልቮላው። የቮልስ ሲሊንደር ግን ተጋድሞ ነው የሚሠራው፤ ዘይቱ ከታች ይተኛል፣ ፋሻውን ዙሪያውን አያዳርስም፤ መልሱ አይታመንም። ሌላ መንገድ አለ፤ እሱ ግን ለነገ ነው።

እኔ፦ ዛሬ ለምን አይሆንም?

መካኒኩ፦ የቫልቮላ ክፍተት የሚለካው ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ነው። አሁን ብለካ ውሸት ነው የሚነግረኝ። ቁልፉን ስጪኝና ሂጂ። መኪናዋ እዚህ ትደር። የአባትሽን ደብተር ካገኘሽ ይዘሽ ነይ።

ሁለተኛው ቀን

እኔ፦ እንዴት አደሩ ጋሼ? ደብተሩን አመጣሁ።

መካኒኩ፦ እግዚአብሔር ይመስገን። ያዢው፣ ኋላ እናየዋለን። አሁን ካቻቪቴ አቀብዪኝና ሥሬ ተንበርከኪ። የቫልቮላውን ክዳን የያዘው ይህ ወፍራም ሽቦ ብቻ ነው፤ ወደ ታች ሲገፋ ይለቃል። የዲስትሪቢውተሩን ሮተር ወደ አንደኛው አዙሬ አንደኛውን ለካሁ። ቮልስ ላይ ደስ የሚል ነገር አለ፤ ሞተሩን ወደ ኋላ ግማሽ ዙር ስታዞሪው ወደ ሁለተኛው፣ ሌላ ግማሽ ዙር ወደ ሦስተኛው፣ ከዚያ ወደ አራተኛው ትደርሻለሽ። ቁጥሩ ቅደም ተከተሉን ይጠብቃል።

እኔ፦ ክፍተቱ ስንት መሆን አለበት?

መካኒኩ፦ ያንቺ 0.15 ሚሊ ሜትር፤ የመግቢያውም የመውጫውም። አንደኛውና ሁለተኛው ትንሽ ጠብበዋል፣ ግን አሉ። ሦስተኛው መግቢያ ልክ ነው። የሦስተኛው መውጫ… ይህን ቀጭን ብረት ያዢና ራስሽ ሞክሪ። 0.05 ነው፤ ካሉኝ ሁሉ የሚቀጥነው።

እኔ፦ አይገባም። ምንም ቦታ የለም።

መካኒኩ፦ ያ ነው። ክፍተት ሲኖር ቫልቮላው ሙሉ በሙሉ ይዘጋል። የጭስ ማውጫ ቫልቮላ የእሳት መንገድ ላይ የቆመ ነው፤ የሚቀዘቅዘው ሲዘጋ መቀመጫው ላይ ሲያርፍ፣ ሙቀቱን ለቴስታታው ሲያስረክብ ነው። ክፍተቱ ሲያልቅ ቫልቮላው ሁልጊዜ በፀጉር ያህል ክፍት ይሆናል። አያርፍም፤ ስለዚህ አይቀዘቅዝም። በዚያች ፀጉር በምታህል ክፍተት እሳት ይሾልካል፣ ጠርዙን ይበላዋል።

እኔ፦ ክፍተቱ በራሱ እንዴት ይጠባል? የሚያረጅ ነገር ይሰፋል እንጂ።

መካኒኩ፦ መልካም ጠየቅሽ። ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚያስበው። ቫልቮላው እየተመታ መቀመጫው ውስጥ ይሰምጣል፤ ሙቀት የበዛበት ግንዱም ይለጠጣል። ሁለቱም ክፍተቱን ይበላሉ። ስለዚህ ክፍተት እየጠበበ የሚሄድ ቫልቮላ ድምፅ አያሰማም፤ ዝም ብሎ ነው የሚሞተው። ቫልቮላው ቲክ ቲክ ሲል ባለመኪናው ይደነግጣል፤ እኔን የሚያስፈራኝ ግን ዝም ያለው ነው።

እኔ፦ አሁን ክፍተቱን ብናስተካክልለት አይድንም?

መካኒኩ፦ በሰዓቱ ተደርሶበት ቢሆን ይድን ነበር። እስቲ ላስተካክለውና ድጋሚ እንለካ… 2.7። ጠርዙ ተበልቷል ማለት ነው። አሁን የመጨረሻው ምስክር። ሦስተኛው ፒስተን ጫፍ ላይ ሁለቱም ቫልቮላ ተዘግተው ቆመዋል፤ ማርሹ ወጥቷል። በካንዴላው ቀዳዳ በኩል የኮምፕሬሰር አየር እሰዳለሁ። አየሩ በካርቡራቶሩ ከወጣ መግቢያው ነው። በዘይት መሙያው ከወጣ ፋሻው ነው። በማርሚታው ከወጣ መውጫው ነው። ጆሮሽን አስጠጊ።

እኔ፦ ማርሚታው ውስጥ ያፏጫል! በዘይት መሙያው ግን ትንሽ ብቻ ነው።

መካኒኩ፦ አሁን ፍርድ መስጠት ይቻላል። የሦስተኛው ሲሊንደር ጭስ ማውጫ ቫልቮላ ተቃጥሏል። ፋሻውና መግቢያው ደኅና ናቸው። የመጀመሪያው ቀን ወረቀት የጠቆመን፣ ኮምፕሬሽኑ ያረጋገጠው፣ አየሩ የመሰከረው አንድ ነገር ነው። አሁን ሞተሩ ይውረድ ብል ገንዘብሽን አላባከንኩም። ቮልስ ሞተሩ በአራት ቦታ ነው የሚታሰረው፤ ከሰዓት በፊት መሬት ላይ ነው።

እኔ፦ ባላመጣትና እንዲሁ ብነዳትስ?

መካኒኩ፦ የቫልቮላው ራስ ተቆርጦ ሲሊንደሩ ውስጥ ይወድቅ ነበር። ያኔ ፒስተኑም ቴስታታውም አብረው ይሄዳሉ። “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም” ይላሉ፤ መኪናዋ ግን አልደበቀችም፣ ስትነግርሽ ነበር።

እኔ፦ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ለምን ሦስተኛው? ለምን ሌላው አይደለም?

መካኒኩ፦ ይህን ሳይጠይቅ የሚሄድ ሰው በዓመቱ ተመልሶ ይመጣል። ባንቺ ዘመን ቮልስ የዘይት ማቀዝቀዣው የተቀመጠው ከማራገቢያው ቤት ውስጥ ነው፤ ወደ ግራ ሲሊንደሮች፣ በተለይ ወደ ሦስተኛው፣ የሚሄደው አየር መንገድ ላይ። ሦስተኛው የሚያገኘው በማቀዝቀዣው ውስጥ አልፎ የሞቀ አየር ነው። ፋብሪካውም አውቆታል። በዚያ ዘመን አንዳንድ ዲስትሪቢውተሮች ላይ ሦስተኛው ከሌሎቹ ትንሽ ዘግይቶ እንዲቀጣጠል አድርጓል፤ ከ1971 እ.ኤ.አ. ስሪት ጀምሮ ደግሞ ማቀዝቀዣውን ከዚያ መንገድ አውጥቶ የራሱን የአየር መስመር ሰጠው።

እኔ፦ ታዲያ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሳይቃጠል ቆይቶ አሁን ለምን?

መካኒኩ፦ ነይ፣ የሞተሩን ክፍል ዙሪያ እዪ። እዚህ ላይ ምን ይጎድላል?

እኔ፦ ዙሪያውን ክፍተት ነው። መሬቱ ይታየኛል።

መካኒኩ፦ በሞተሩ ቆርቆሮና በቦዲው መካከል ዙሪያውን የሚዞር ጎማ ነበረ። ከኋላ በኩልም አንድ ቆርቆሮ ጠፍቷል። ከዓመታት በፊት ሞተሩ ሲወርድ አንዱ “አያስፈልግም” ብሎ ጥሎታል። ያ ጎማ ከላይ ያለውን ቀዝቃዛ አየር ከታች ካለው ትኩስ አየር የሚለይ ግድግዳ ነው። እሱ ከሌለ ማራገቢያው ከማርሚታው የሚወጣውን ሙቀት መልሶ ይስባል። በዚህ ላይ የእኛ አየር ስስ ነው፤ በየዙሩ የሚያቀዘቅዘው አየር ክብደቱ ያነሰ ነው። ከሁሉ ቀድሞ የሚጎዳው መጀመሪያውኑ የሚሞቀው ሦስተኛው ነው። አሁን ደብተሩን ስጪኝ።

እኔ፦ ይኸው። የአባቴ ጽሕፈት ነው።

መካኒኩ፦ አንብቢልኝ፣ መነጽሬን አልያዝኩም።

እኔ፦ “ዘይት ተቀየረ፣ ቫልቮላ ተስተካከለ።” ከዚያ 5,000 ኪሎ ሜትር ቆይቶ እንደገና “ዘይት ተቀየረ፣ ቫልቮላ ተስተካከለ፤ ሦስተኛው መውጫ ትንሽ ጠብቦ ነበር።” ከዚያ እንደገና… “ሦስተኛው መውጫ ጠብቦ ነበር።” ጋሼ፣ አባቴ ያውቅ ነበር!

መካኒኩ፦ የመጨረሻው መስመር የትኛው ነው?

እኔ፦ ሊያርፍ ሰባት ወር ሲቀረው የጻፈው። ከዚያ ወዲህ እኔ 22,000 ኪሎ ሜትር ነድቻለሁ። ዘይት አስቀይሬያለሁ። ቫልቮላ ግን አንድም ቀን አላስለካሁም።

መካኒኩ፦ አባትሽ ያንን ቫልቮላ በየአምስት ሺሁ እያረፈ እንዲቀዘቅዝ አድርጎ ነው ያቆየው። ጎማው እንደሌለ ላያይ ይችላል፤ ክፍተቱን ግን አይረሳም ነበር። አታልቅሺ ልጄ። ሳታውቂ ነው። አሁን አውቀሻል።

እኔ፦ ዕቃው ይገኛል? ሰው ሁሉ ሽጪያት ይለኛል።

መካኒኩ፦ ቮልስ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 30 ቀን 2003 ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ላይ የመጨረሻዋ እስክትወጣ ድረስ ከ21 ሚሊዮን ተኩል በላይ ተሠርታለች። ቫልቮላውም ጎማውም ዛሬም ይመረታል። ሶማሌ ተራ ካጣሽ ከውጭ ይመጣልሻል። እየጠፋ ያለው ዕቃው አይደለም፤ ፊለር ጌጅ፣ ያን ቀጭን መለኪያ ብረት፣ ይዞ መኪና ሥር የሚተኛ ሰው ነው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተወስኗል። ያሉት ያረጃሉ፤ ያረጀን የሚጠብቀው ደግሞ መለካት የሚያውቅ እጅ ነው። ልጆቹን በዕቃ መቀየር ብቻ ካሳደግናቸው ነገ የሚለካ አናገኝም።

ከዚያ ወዲህ

ከሰዓት በኋላ ቴስታታው ሲወጣ የሦስተኛው ጭስ ማውጫ ቫልቮላ ጠርዝ እንደ ተገመጠ ቂጣ ጎድሎ አየሁት። የግራው ቴስታታ አራቱም ቫልቮላ ተቀየረ፤ መቀመጫዎቹም ተስተካከሉ። ዙሪያው ጎማ ተገጠመ፣ የጠፋው ቆርቆሮ ተተካ። የድሮው ቦቢና፣ የድሮው ካርቡራቶርና የድሮዎቹ ካንዴላዎች ተፈትሸው ወደ ቦታቸው ተመለሱ፤ ሁሉም ይሠራሉ። ሲለካ አራቱም ሲሊንደር በ5.8 እና በ6.1 ባር መካከል ነበሩ። ማርሚታው አፍ ላይ የተያዘው ጋዜጣ ወደ ውጭ ብቻ ረገበገበ።

በሰማያዊው ደብተር ከአባቴ መስመር ቀጥሎ በእጄ ጻፍኩ፦ “ዘይት ተቀየረ፣ ቫልቮላ ተስተካከለ፤ ሦስተኛው መውጫ 0.15።”

መኪና ያላችሁ ሁሉ፣ አሮጌም ይሁን አዲስ፣ ሞተራችሁ ሲቆርጥ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት መካኒካችሁን “ምን ለኩ? ስንት ወጣ?” ብላችሁ ጠይቁ። ቁጥሩን ካላሳዩአችሁ ዕቃውን አትግዙ። ሙያተኞች የሆናችሁም ቁጥሩን ለባለመኪናው አሳዩ፤ ከአጠገባችሁ ለቆመው ልጅም አስተምሩ።